በሌላ እጅ የተሰፋ ቁልፍ

ውድ ባለቤቴ፣

«እንደምን ሰነበትክ?» ብዬ ልጀምር አልኩና፣ መልስ እንዳትሰጥ በሐኪም የታዘዝክ መሆንህ ትዝ ሲለኝ ሳቄ መጣ። ልጃችን ትናንት ሲደውል «ጉሮሮው እየዳነ ነው፤ ሐኪሙ ግን ለጥቂት ሳምንታት ትንፍሽ እንዳይል ብሎታል» አለኝ። «ታዲያ ሚስትህ አልተቸገረችም?» ስለው «ኧረ እማዬ፣ እንደ ድሮው እኮ ነው፤ ሐኪሙ ባይነግረን ኖሮ ልዩነቱንም አናውቀው ነበር» አለ። ይህን ያለው ያንተ ልጅ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ስለዚህ ስልኩን ትቼ ብዕር አነሳሁ። ስልክ ላይ አንተ ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ ይመስለኛል፤ ወረቀት ግን ድሮም መልስ ስለማይሰጥ አይታማም። የምጽፍልህ ላጫውትህ ብቻ አይደለም። ብዙ የምጠይቅህ ነገር አለኝ። አንተ ለሕክምና ወደ ልጃችን ከሄድክ ወዲህ ኮሌጅህን ሳውቅ ሰነበትኩ፤ ባወቅኩ ቁጥር ደግሞ የማላውቀው እየበዛ መጣ። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ስንት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ የኖረ ጥያቄ ነው። ያንተን ጉሮሮ ሐኪም አየው፤ የኔን ደግሞ እስቲ አንተ እየው። የግራጫው ኮትህ ቁልፍ በሌላ እጅ የተሰፋው ለምን ነበር?

ከሥር ከመሠረቱ ልጀምርልህ። አንተ የሥራህን ነገር ይዘህ ቤት የምትገባ ሰው አልነበርክም። ሰው «ባለቤትሽ ኮሌጁን እንዴት ይዞታል?» ሲለኝ «ደህና ነው» ከማለት በቀር ወሬ አልነበረኝም። እኔ ሥራህን ያወቅኩት ከልብስህ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ባይናገር ልብሱ ይናገራል። የሒሳብ አስተማሪ ሳለህ ኪስህ ጠመኔ አያጣም ነበር፤ ሱሪህን በዘፈዘፍኩት ቁጥር ውሃው ወተት ይመስላል። አንድ ቀን ጠመኔው ጠፋና በምትኩ የሸሚዝህ ኪስ ላይ የቀለም ነጠብጣብ መጣ። «ምነው?» ስልህ «ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አድርገውኛል፤ ሰው እስኪያገኙ ነው» አልከኝ። ሰው እስኪያገኙ ያልከው ነገር ጸጉርህ እስኪነጣ ሆነ።

ከዚያ በኋላም ወሬህን በመርፌ ነው የለቀምኩት። አንድ ክረምት ሱሪህ ከጉልበቱ ተቀዶ፣ ዝገት በዝገት ሆኖ መጣ፤ «ወደቅኩ» አልክ። ሌላ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሸሚዝህ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ «ስብሰባ ነበር» አልክ። ሽንኩርት የሚከተፍበት ስብሰባ ምን ዓይነት ነው ብዬ አልጠየቅኩህም። ተማሪዎቹ ባመጹ ሰሞን የኮትህ እጅጌ ከትከሻው ተገንጥሎ መጣ፤ አንተም ምንም አላልክ፣ እኔም ምንም ሳልል ሰፋሁት። ትዳራችን እንዲህ ነበር። አንተ ቀዳዳውን ታመጣለህ፣ እኔ እጥፈዋለሁ፤ በመሐል ጥያቄ የሚባል ነገር የለም።

የቁልፉ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ትንሿ ልጃችን ትምህርት ቤት በገባች በዓመቱ ነው። ኮሌጁ የተከፈተ ሰሞን አምሽተህ ገባህ። ኮትህን ልሰቅል ስቀበልህ የመሐለኛው ቁልፍ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እኔ ባለ አራት ቀዳዳ ቁልፍ ስሰፋ ክሩን ጎን ለጎን ነው የማስኬደው፤ ይሄኛው በመስቀለኛ ተሰፍቷል። ክሩም ቡናማ ነው። በግራጫ ኮት ላይ ቡናማ ክር! ደግሞስ ቁልፉ እንዴት ወደቀ? እኔ የሰፋሁት ከሆነ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ቁልፍ አይወድቅም፤ ይህን ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል።

አልጠየቅኩህም። በማግስቱ ክሩን ፈትቼ በራሴ እጅ መልሼ ሰፋሁት። በዓመቱ ኮሌጁ ሲከፈት ያው ኮት፣ ያው ቁልፍ፣ ሌላ ክር፣ ሌላ እጅ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። አንዷ ጠበቅ አድርጋ ትሰፋለች፣ አንዷ ቋጠሮዋን ከላይ ትተወዋለች፣ አንዷ ጭራሽ በቀይ ክር ሰፍታው አረፈች። ባልሽ ውሽማ አለው ቢሉኝ አንዷን እጠረጥር ነበር፤ በየዓመቱ የምትለዋወጥና ቁልፍ ብቻ የምትሰፋ ውሽማ ግን ሰምቼም አላውቅ። ቅናቴ ራሱ ግራ ገብቶት ተወኝ። ጉጉቱ ግን አልተወኝም።

እንግዲህ አንተ በሄድክ በሳምንቱ አዲሱ ፕሬዚዳንት ደወለልኝ። የጡረታ መሸኛህ ቀን ተቆርጦ፣ እንግዳ ከተጠራ በኋላ ነው ሕክምናህ የተፋጠነው፤ ዝግጅቱን ማፍረስ አልወደዱም። «እሳቸው ባይኖሩም እርስዎ ስለ እሳቸው ጥቂት ይናገሩልን» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀመጥኩ። ስለ ኮሌጁ ፕሬዚዳንት እኔ ምን አውቃለሁ? የወገቡን ልክ አውቃለሁ። የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ማለቱንም አውቃለሁ። ይህ ደግሞ መድረክ ላይ አይወራም። በማግስቱ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ወደ ኮሌጅህ ሄድኩ፤ ባሌን ልተዋወቅ።

በምረቃ ቀን ከፊት ወንበር ላይ ከመቀመጥ በቀር ግቢውን አላውቀውም ነበር። ቢሮህን ሳየው አላመንኩም። ከምግብ አዳራሹ ጎን፣ ከደረጃው ሥር፣ በመስኮቱ የተማሪዎች እጅ መታጠቢያ የሚታይበት ጠባብ ክፍል። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ምንጣፍ ላይ የምትራመድ ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ዛሬም «ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት» ይላል። «ፕሬዚዳንት» የሚለው ለቆ ሊጠፋ ደርሷል፤ «ተጠባባቂ» የሚለው ግን ከሩቅ ይነበባል።

ጸሐፊህ ተቀበለችኝ። እኔና እሷ በስልክ ብቻ ነው የምንተዋወቀው፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ሻይ አስመጣችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ይሄን ጽሑፍ ሹመቱ ሲጸድቅ ለምን አላስቀየራችሁትም?» አልኳት።

«አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው "እናያለን" አሉኝ፤ ሁለተኛ ሳልጠይቅ ቀረሁ» አለች። «መቼም ስማቸውን ያውቁታል?»

«የትኛውን ስም?»

«ተማሪው የሚጠራቸውን። ጋሽ እናያለን።»

ሻዩ ትን አለኝ። «እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሹም «እናያለን» ካለህ ወረቀትህን ሰብስበህ ውጣ ማለት ነው። «አይሆንም» የክት ልብሱን ሲለብስ «እናያለን» ይባላል። እንግዲህ ባሌ በሄደበት ሁሉ ሰው ሲያሰናብት ነው የኖረው ብዬ አዘንኩ፤ አፍሬም ነበር።

ጸሐፊህ ገብቷታል። «የሳቸው እናያለን ሌላ ነው» አለች። «እናያለን ካሉ ሄደው ያያሉ። በዓይናቸው። የቤተ ሙከራው ጣሪያ ያፈሳል ሲባሉ እናያለን አሉ፤ ዝናብ እስኪመጣ ጠብቀው ጣሪያው ላይ ወጡ። ከየት እንደሚያፈስ ለማየት።»

«ዝገቱ!» አልኩ።

«ምን አሉኝ?»

«ምንም። ቀጥይ።»

«ምግቡ አይበላም ተብሎ ተማሪው ሲያኮርፍ እናያለን ብለው ወጥ ቤት ገቡ። ሳምንት ሙሉ ከወጥ ሠሪዎቹ ጋር ሽንኩርት ሲከትፉ ሰነበቱ። እንባቸው ሲወርድ ያየ ተማሪ በሐዘን መስሎት ኩርፊያውን ተወ።»

«እጅጌውስ? የኮቱ እጅጌ የተገነጠለው?»

አሰብ አድርጋ ሳቀች። «የሁለት ማደሪያ ልጆች "መጀመሪያ የኛን ይዩ፣ የኛ ይብሳል" ብለው ግራና ቀኝ ሲጎትቷቸው ነው። እርስዎ ይህን ሁሉ ከየት ሰሙት?»

«ልብሱ ነግሮኛል» አልኳት።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። የዕድሜዬን ግማሽ የጠጋገንኩት ጨርቅ አንድ በአንድ አፍ አወጣልኝ። ሁለተኛ ሻይ አስመጣን። ከዚያ ነው ጸሐፊህ ደንብህን የነገረችኝ። የሕዝቡ ጉዳይ ከሆነ አይተህ ወዲያው ታስጨርሳለህ አለች፤ ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ ከመጣ ግን ታየዋለህ፣ ትጨርሰዋለህ፣ ከዚያ ዝም ብለህ ትጠብቃለህ።

«ምን ይጠብቃል?»

«እስኪመለስ ነዋ። "አንዴ የጠየቀ ስሜቱ ነው የጠየቀው፤ ሁለቴ የጠየቀ ግን ራሱ ነው" ይላሉ። የተመለሰ ሰው ነገሩ አልቆ ይጠብቀዋል። ያልተመለሰ ደግሞ ቀረበት።»

«ሰው ታዲያ ይህን በምን ያውቃል?»

«እኔ እያለሁ?» አለች ደረቷን ነፍታ። «ሁሉም ፊቱ ጠቁሮ ሲወጣ እዚህ በር ላይ ጠብቄ "እናያለን ካሉህ በሳምንቱ ተመለስ" እለዋለሁ። ስንቱን ከበር መልሻለሁ መሰለዎት።»

ሻዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ሳቄ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ለዚያ ሁሉ ሰው በር ላይ የምትጠብቅ ጸሐፊ ነበረችለት። እኛ ቤት ጸሐፊ አልነበረም።

አንተ ታስታውሰው እንደሆነ እንጃ። ትንሿ ልጃችን ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ከጎረቤት ጋር በአጥር ስንጨቃጨቅ ቀያሽ መጥቶ ነበር። አንተ ሥራ ላይ ነህ፤ እኔ ነኝ ያስተናገድኩት። በሦስት እግር ያቆመውን መነጽር ሳይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝና «ይመልከቱበት» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የማዶው ቤት በር አፍንጫዬ ሥር መጣ፤ መሐሉ ላይ ቀጭን መስቀለኛ መስመር አለ። ቀያሹ መስመሩን የት እንደሚያሳርፍ፣ ከዚያ ርቀቱን እንዴት እንደሚያወጣ አሳየኝ። ያን ቀን የሰፋሁት ሁሉ ተጣመመብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የለካሁት ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ሜትር ሲያይ ሆዱን ይስባል። መሬት ሆዱን አይስብም። እሱን መለካት አማረኝ።

ማታ ብርቱካን እየላጥክ ሳለ «እኔስ ኮሌጅህ ገብቼ ቅየሳ ብማር?» አልኩህ። ቀና ሳትል «እናያለን» አልከኝ። ልጣጩን ሳታቋርጥ እንደ ገመድ አውርደህ ጨረስከውና ግማሹን ብርቱካን ሰጠኸኝ። ተቀብዬ በላሁት፤ ነገሩንም አብሬ ዋጥኩት። እናያለን ተብላ ዳግመኛ የምትጠይቅ ሴት ለማኝ ትመስለኝ ነበር።

ከወንበሬ ስነሳ ለጸሐፊህ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ኮሌጅ ሲከፈት የባሌን ቁልፍ የሚሰፋው ማነው?»

ፊቷ በራ። «ውይ፣ እሱን ጨረቃ ናት የምታውቀው!» አለችና ወደ ቅየሳ ክፍል መራችኝ።

ቅየሳ ክፍል መሆኑን ልብ በልልኝ። ጨረቃ የምትሏት የክፍሉ ኃላፊ ከማታው ክፍል ወጥታ አስተማሪ የሆነች ናት፤ ስሙም የወጣላት ለዚያ ነው አሉ። መሣሪያዎቹን በጨርቅ እየወለወለች አገኘናት። የማን ሚስት እንደሆንኩ ስትሰማ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሁለት እጅ አድርጋ ጨበጠችኝ።

«የማታው ቅየሳ ሲከፈት ግቢው በሙሉ ነው የሳቀው፣ እትዬ» አለች። «የኛ ትምህርት ግማሹ ሜዳ ላይ ነው። ማታ ሜዳ ላይ ምን ይታያል? አስተማሪዎቹ "በጨለማ የሚቀይስ ሌባ ብቻ ነው" አሉ። እሳቸው ግን "ቀን ሥራ ያለባት፣ ልጆች ያሏት ሴት መቼ ትማር?" ብለው ድርቅ አሉ። የሜዳውን ሥራ እሑድ ጠዋት አደረጉትና ተከፈተ። መጀመሪያው ቀን ማታ ክፍላችን ገቡ። ንግግር ያደርጋሉ ስንል ፊታችንን አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩና "ከእናንተ መሐል ልብስ የምትሰፋ አለች?" አሉ።»

«ከዚያስ?»

«የሚሰፋላቸው ፈልገው መሰለን። ሴቶቹ ጥቂት ነን፤ እርስ በርስ ተያየን። አሳዘኑኝና እጄን አወጣሁ። "ምንዎ ተቀዶ ነው?" ስላቸው ግራ ገባቸው። ኮታቸውን ቁልቁል አዩ። ከዚያ የመሐለኛውን ቁልፍ ይዘው ጎተቱ። አልበጠስ አላቸው። በሁለት እጃቸው ታግለው ነቀሉትና "ይቺን" ብለው ሰጡኝ።»

«አልበጠስ አላቸው?»

«እትዬ፣ ያንን ቁልፍ የሰፋው ሰው መርከብ ያስር ነበር።»

በዚህች ቃል የተሰማኝን ኩራት አልደብቅህም። ቀና አልኩ። «አንቺ ደግሞ በመስቀለኛ ሰፋሽው፣ በቡናማ ክር» አልኳት። መሣሪያውን ልትጥለው ምንም አልቀራት።

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«በማግስቱ የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀች፤ ግን ሳቋ መሐል ላይ ቆመ፤ እኔን አየችኝ፣ ጣቶቼን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀሪውን ነገረችኝ። በሳምንቱ ቢሮህ ጠርተህ «ስፌት የሚያውቅ ሰው ቅየሳ ይቀለዋል?» ብለህ ጠይቀሃታል። «እኔ ቁልፍ እንጂ ስፌት አላውቅም» ስትልህ ፊትህ ክፉኛ ወደቀ። በዓመቱ ስትመለስ ተማሪዎቹ ወሬውን ሰምተው መርፌና ክር ይዘው ጠበቁህ። ዛሬ ዛሬ የማታው ክፍል ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን መርፌ ይዞ ይመጣል፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ለዕድል ነው ይላሉ። አንተ ገብተህ መጀመሪያ ሁሉንም ፊት ታያለህ፤ ከዚያ ያችን ጥያቄ ትጠይቃለህ፤ ከዚያ የኮትህን ቁልፍ ነቅለህ ትሰጣለህ።

«ማንን እንደሚፈልጉ ጠይቄያቸው አላውቅም» አለች ጨረቃ። «እርስዎ ልብስ ሰፊ ነዎት?»

«ነኝ» አልኳት።

እሷም መሣሪያዋን መወልወል ቀጠለች፤ እኔም አንድ ጨርቅ አንስቼ አገዝኳት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን በሙሉ ስሰድብህ ነው የሄድኩት። ሰው ለሚስቱ ብሎ የማታ ትምህርት ከፍቶ ለሚስቱ አይነግርም? አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ ማመልከቻ ይጠብቃል? እኔ ደግሞ በአንዲት ቃል ቂም ይዤ እንዴት ያን ያህል ዘመን አፌን ዘጋሁ? ቤት ስደርስ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። የማታው ቅየሳ በተከፈተ ሰሞን ጥቅል የማስታወቂያ ወረቀት አምጥተህ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጠህ ነበር። ምንም አላልክም። ጀርባው ነጭ ነው፣ ጠንካራ ነው፤ እኔም ለልብስ ቅድ ያመጣህልኝ መስሎኝ መርቄህ ቆራረጥኩት። የኮሌታውና የእጅጌው ቅድ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ሄጄ ገለበጥኩት። ኮሌታው ጀርባ ላይ «የማታ ቅየ» ይላል። የቀረችው ፊደል እጅጌው ላይ ናት። በዚያ ኮሌታ ስንት የተማሪ ልብስ ቆርጫለሁ! ያኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅኩ፤ የትኛው እንደበለጠ እንጃ።

መሸኛህ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጃችን አሳምሮ የጻፈልኝ ንግግር ቦርሳዬ ውስጥ አለ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ስቆም ግን ያ ሁሉ ሰው በየኮቱ ላይ ቁልፍ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ወረቀቱን ሳላወጣ ድምጽ ማጉያውን ይዤ «ከእናንተ መሐል ልብስ የምትሰፋ አለች?» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የማታ ተማሪዎቹማ ተነስተው አጨበጨቡ። እስኪበቃቸው ጠበቅኩ። ሲበቃቸው እጄን አወጣሁ።

«እኔ አለሁ» አልኩ። «ዘግይቼ ነው የመጣሁት።»

አብዛኛው ሰው ቀልድ መስሎት እንደገና ሳቀ። ጸሐፊህ ግን መነጽሯን አወለቀች፤ ጨረቃም አንገቷን ደፋች። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ወርጄ ተቀመጥኩ። አጭር ንግግር ነበር ብለው አመሰገኑኝ።

በማግስቱ አዲሱ ፕሬዚዳንት ዘንድ ገባሁ። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። «የማታውን ቅየሳ መማር እፈልጋለሁ» አልኩት። ሽበቴን አየ፣ ጉልበቴን አየ፣ ከዚያ «እናያለን፣ እትዬ» አለኝ። የሱ እናያለን የየትኛው ዓይነት እንደሆነ እኔ አላወቅኩም፤ እሱ ራሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ፊቴ ጠቁሮ ስወጣ ጸሐፊህ በር ላይ ቆማለች። ክንዴን ያዝ አድርጋ «በሳምንቱ» አለችኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ። ገና በር ላይ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። ለካ በመሐሉ ጨረቃን ሄዶ ጠይቋት፣ ሜዳውንም ራሱ ዞሮ ዳገቱ ለጉልበቴ እንደሚሆን አይቶ ኖሯል። ወንበርህን ሲወርስ ቃልህንም አብሮ ወርሷል፤ አንተም ደስ ይበልህ። እኔም ተመዘገብኩ።

አሁን ልጠይቅህ። ብዕርና ወረቀት አጠገብህ እንዳለ ልጃችን ነግሮኛል፤ ማምለጫ የለህም። የነዚያን ተማሪዎች ፊት አንድ በአንድ ስታይ እኔን ነበር የምትፈልገው? አንዱን ቀን አንተ ሳታውቅ ተመዝግቤ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እንዳገኝህ ተስፋ ታደርግ ነበር? ደግሞስ ያ ቁልፍ! ኮትህን ስቀበልህ ዓይኔን ዓይኔን ታየኝ እንደነበር አሁን ነው የታወሰኝ። ልብስ ሰፊ ሚስት የሌላ ሰው ስፌት እንደማያመልጣት ታውቃለህ። «ይሄን ማን ሰፋው?» እንድልህ ነበር በየዓመቱ ይዘኸው የምትመጣው? እንደዚያ ከሆነ እኔ ሁለቴ ስላልጠየቅኩ አፍህ ዝም ቢልም፣ በቁልፉ በየዓመቱ ስትጠይቀኝ ኖረሃል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ጥያቄህን ፈትቼ፣ አጥብቄ ሰፍቼ መልሼልሃለሁ። ይህ እውነት ከሆነ ንገረኝ። ካልሆነም ንገረኝ፤ ብቻ አሁን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አልተቀየምኩህም። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር፤ አለፈልኝ። አንድ ሰው እኔን ፍለጋ በየዓመቱ አንድ ክፍል ገብቶ ፊት ሲያይ መኖሩን ያወቅኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው፤ ከዚህ በኋላ በምን አፌ እቀየማለሁ? ናፍቀኸኛል። ዝምታህ ራሱ ናፍቆኛል፤ ምን እያልክ እንደነበር ከገባኝ ወዲህ ሌላ ዝምታ ሆኖብኛል።

ግራጫውን ኮትህን በፖስታ ልኬልሃለሁ። ኮሌጁ ሲከፈት ሐኪሙ ይለቅሃል ብሎኛል ልጃችን። በመጀመሪያው ቀን ማታ እንደ ልማድህ ና። ቁልፉን ለመንቀል እንዳትታገል ላላ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፤ በሕይወቴ ላላ አድርጌ የሰፋሁት ቁልፍ እሱ ብቻ ነው። መርፌዬን ይዤ ከፊት ወንበር ላይ እጠብቅሃለሁ።

ግን ደንብ ደንብ ነው። የተመዘገብኩት ላንተ ሳልነግር ነውና ያን ማታ የጠየቅኩህን ዛሬ ሁለተኛ እጠይቅሃለሁ፤ እኔስ ኮሌጅህ ገብቼ ቅየሳ ብማር?

መልስህን ጻፍልኝ። «እናያለን» ብለህ ከጻፍክ ግን በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ሜዳው ላይ ከመነጽሩ ኋላ ነኝ። መጥተህ እይ።

ያንተው፣
ልብስ የምትሰፋዋ